የምታነክሰዋ ሰላይ በሊዮን፦ የእግር ጉብኝቱ ዋጋውን ያወጣል ወይ?

ያወጣል። ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። እኔ ከአምስት ኮከብ ሦስት ነው የሰጠሁት። አስጎብኚው ስለ እግሯ ትንሽ አንብቦ ቢመጣ ኖሮ አራት አልነፍገውም ነበር።

ስለ እግር የማነሳው ያለ ነገር አይደለም። ሰው ሠራሽ እግር መሥራት እንጀራዬ ነው። ሙያውን አዲስ አበባ ተማርኩ፤ አሁን ጄኔቭ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጄሶ ሳቦካና ሶኬት (የተቆረጠው እግር የሚገባበትን ጎድጓዳ ክፍል) ስሞርድ እውላለሁ። ስለዚህ «በእንጨት እግር የፒሬኔን ተራራ ያቋረጠች ሰላይ፣ የኖረችበትን ከተማ በእግርዎ ይጎብኙ» የሚል ማስታወቂያ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከጄኔቭ ሊዮን በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ታላቅ እህቴ እታለምም ከአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ይዣት ሄድኩ።

የድርጅቱን ስም አልጽፍም። ትንሽ ድርጅት ነው፤ አስጎብኚውም ገና ወጣት ልጅ ነው፤ በእኔ ምክንያት እንጀራው እንዲዘጋ አልፈልግም። ዋጋው በሰው 25 ዩሮ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል ይላሉ፤ እኛን ከዚያ በላይ ፈጅቶብናል። የሚነገረው በእንግሊዝኛ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የጆሮ ማዳመጫ ይሰጣሉ። የእኔ ጠባብ መንገድ ውስጥ በገባን ቁጥር ይንጫጫ ስለነበር አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። የልጁ ድምፅ ያለ ማሽንም ይሰማል።

ለማያውቋት፦ ሴትዮዋ ቨርጂኒያ ሆል ትባላለች። በ1906 ባልቲሞር ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ዲፕሎማት መሆን ነበር ሕልሟ። በየኤምባሲውና በየቆንስላው በጸሐፊነት ስትሠራ ቆየች። በ1933 ቱርክ ውስጥ፣ ኢዝሚር አጠገብ፣ ለወፍ አደን ወጥታ ሳለ ጠመንጃዋ ባረቀና የገዛ እግሯን መታት። ቁስሉ መረቀዘና ግራ እግሯ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደግሞ እግሩ የተቆረጠ ሰው ዲፕሎማት አይሆንም የሚል ደንብ ነበረው። በሩ በዚያው ተዘጋባት። ጦርነቱ ሲነሳ ፈረንሳይ ገብታ አምቡላንስ ነዳች። ከዚያ የእንግሊዞቹ የምስጢር ድርጅት መለመላት፤ በነሐሴ 1941 የኒው ዮርክ ፖስት ጋዜጠኛ መስላ ፈረንሳይ ተመለሰች። ሥራዋን ያደራጀችው ሊዮን ላይ ነው። ያኔ ከተማዋ በጀርመን ጦር እጅ አልነበረችም። የምታስተዳድራት ለጀርመን ያደረችው የቪሺ መንግሥት ነበረች።

ይህን ሁሉ ልጁ ቤልኩር አደባባይ፣ ከፈረሰኛው ከሉዊ አሥራ አራተኛ ሐውልት ሥር አቁሞን ነገረን። እስከዚህ ጎበዝ ነበር። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ከገባች በኋላ እንኳ ቪሺ ከዋሽንግተን ጋር ግንኙነቷን ስላላቋረጠች ሴትየዋ በአሜሪካዊ ፓስፖርቷ በግልጽ ትንቀሳቀስ እንደነበር በደንብ አስረዳን። ሊዮን ያለው የአሜሪካ ቆንስላ ሪፖርቷን በዲፕሎማቲክ ቦርሳ ያሳልፍላት ነበር። መጀመሪያ ላይ አብሯት የሚሠራ የሬዲዮ ሰው አልነበራትምና ያለዚያ ቦርሳ ለንደን ምንም ባልሰማ ነበር።

ከዚያ ወደ ፊልም ገባ።

ክላውስ ባርቢ፣ የሊዮኑ የጌስታፖ (የናዚ ምስጢር ፖሊስ) አዛዥ፣ ጎዳና ለጎዳና አሳደዳት አለ። በዚህ መስኮት ዘለለች፣ በዚያ በር ሾለከች አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የጀርመን ጦር ደቡብ ፈረንሳይን የወረረው ኖቬምበር 11 ቀን 1942 ነው። እሷ መምጣታቸውን አስቀድማ ሰምታ፣ ጀርመኖቹ ሊዮን ሳይደርሱ በባቡር ወጥታለች። ባርቢ ሊዮን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኋላ በጣም ፈልጓት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ጎዳና ላይ ግን አልተሯሯጡም። ልጁን በጨዋ ደንብ ስጠይቀው «ታሪኩን ትንሽ ሕይወት ለመስጠት ነው» አለኝ። ሕይወቷ ምን ጎድሎት ነው እሱ የሚጨምርላት?

የእኔ ዋናው ቅሬታ ይኸው ነው። ሴትየዋ ሊዮን ላይ አሥራ አምስት ወር ገደማ ስትቀመጥ ብዙውን ጊዜ የሠራችው መተኮስ አልነበረም። ለሰው ማደሪያ መፈለግ ነበር። የራሽን ካርድ ማግኘት፣ ገንዘብ ማከፋፈል፣ ፎርጅድ መታወቂያ ማሠራት፣ ከሰማይ የወደቀ አብራሪ መደበቅ፣ የታሰረ ሰው ማስፈታት። የእኛ የውስጥ አርበኞች አዲስ አበባ ላይ የሠሩት ዓይነት ሥራ ማለት ነው። ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች መረጃና ጥይት ስታቀብል ተይዛ፣ ተገርፋ፣ ጣሊያን አገር አሲናራ ደሴት ድረስ ተወስዳ መታሰሯን ያነበበ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ትልቁ ጀብድ ያለው ጓዳ ውስጥ ነው። ልጁም ስለ ጓዳው ባወራባቸው ደቂቃዎች ጉብኝቱ ድንቅ ነበር።

ለምሳሌ ስለ ዶክተር ዣን ሩሴ ሲነግረን። የሴቶች ሐኪም ነበር። ሐኪም ቤት ሰው ቢመላለስ ማንም አይጠረጥርም። ስለዚህ ተላላኪው «በሽተኛ» ሆኖ ይገባል፣ መልእክቱን ይሰጣል፣ ይወጣል። ጀርሜን ጌረን የምትባለው ደግሞ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ባለቤት ነበረች። እዚያ የሚመጡት ባለሥልጣናትና የጀርመን መኮንኖች ሲጠጡ የሚያወሩትን የቤቱ ሴቶች ይሰማሉ፤ ወሬው ለቨርጂኒያ ይደርሳል። ጌረን ያሏትን ቤቶች ለመደበቂያ ሰጠች፣ ከጥቁር ገበያ ምግብና ከሰል አመጣች። እታለም እዚህ ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ «አንቺ፣ እነዚህ ልጆች ሜዳሊያ አግኝተዋል?» አለችኝ። ጥያቄውን ለልጁ አቀበልኩት። መልስ አልነበረውም፤ ግን ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ለዚህች ብቻ ግማሽ ኮከብ ጨምሬለታለሁ።

የሞዛክ ታሪክ የጉብኝቱ ምርጡ ክፍል ነው። አንድ ጥላ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦን ሳይቸኩል ተረከው። ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ዶርዶኝ ውስጥ ሞዛክ በሚባል ካምፕ ለንደን የላካቸው ሰላዮች ታስረው ነበር። የአንደኛው እስረኛ ሚስት ጋቢ ብሎክ ባሏን ልትጠይቅ ስትገባ የምትወስደው ስንቅ ውስጥ መሣሪያ ትደብቃለች። ከስንቁ አንዱ የሰርዲን ቆርቆሮ ነው። ሰርዲኑን በሉ፤ ከቆርቆሮው የበር ቁልፍ ሠሩ። አንድ ቄስ ደግሞ ሬዲዮ አስገባላቸው፤ ከእስር ቤት ውስጥ ሆነው ከለንደን ጋር መነጋገር ጀመሩ። በሐምሌ 1942 አንድ ሌሊት አሥራ ሁለት ሰዎች ወጡ። ቨርጂኒያ ከጀርባ ሆና የሚያድሩበትን፣ የሚጓዙበትንና ድንበር የሚሻገሩበትን አዘጋጀች። እሷ ራሷ እዚያ አልነበረችም። ልጁም እንደነበረች አድርጎ አልጨመረም፤ ተመስገን።

ቀጥሎ ክሯ ሩስ መጣ። እዚህ ነው የተናደድኩት።

ክሯ ሩስ የሐር ሸማኔዎች ሰፈር የነበረ ዳገት ነው። በሕንፃዎች ሆድ ውስጥ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው የሚያሾልኩ መተላለፊያዎች አሉት፤ ትራቡል ይሏቸዋል። ጀርመንንና ቪሺን በምስጢር የሚታገሉት ሰዎች ክትትል ሲበዛባቸው ተጠቅመውባቸዋል። ኩር ዴ ቮራስ የሚባለው ግቢ ደረጃው ብቻውን ሊታይ ይገባል፤ ፎቅ በፎቅ ላይ የተነባበረ፣ ድንጋዩ ብዙ ጫማ የረገጠው። ግን ልጁ ደረጃውን በሩጫ ወጣው! ከኋላው ስንከተል አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ሥር ቀሩ። እታለምም ጉልበቷ ላይ እጇን አድርጋ «ሂጂ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ትራቡሉን አየዋለሁ» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ቆመን ጠበቅን። አንድ ጊዜ አልጠበቅንም።

አስቡት። ስለ አንዲት ባለ ሰው ሠራሽ እግር ሴት የተዘጋጀ ጉብኝት ነው፤ ሰው ሠራሽ እግር ያለው ሰው ግን ሊጎበኘው አይችልም። ከእኔ ደንበኞች አንዱን ይዤ ብመጣ ገና በግማሹ ሶኬቱ ቆዳውን ልጦት ይመለስ ነበር። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ወደ ክሯ ሩስ የሚወጣ ባለ ጥርስ ሐዲድ ሜትሮ አለ፣ መስመር ሲ። በእሱ ወጥቶ ከላይ ያለውን ማሳየት፣ በእሱም መውረድ ይቻላል። መውረዱም በሜትሮ ይሁን ያልኩት በምክንያት ነው፤ የሰው ሠራሽ እግር ጠላቱ ቁልቁለት ነው። ቁርጭምጭሚቱ ካልታጠፈ ስትወርዱ ጉልበት ወደፊት ይሰበራል፤ ሰውነት ሁሉ የተቆረጠው ጫፍ ላይ ይወድቃል።

እግሯን በተመለከተ ልጁ የተናገረው ሁሉ የተሳሳተ ነበር። ቀኝ ነው አለ፤ ግራ ነው። ውስጡ ሽጉጥ ትይዝ ነበር አለ። ሰነድ ትደብቅበት ነበር የሚል ታሪክ አለ፤ ይሄ ያስኬዳል፣ የቅልጥሙ ክፍል ክፍት ስለሆነ ወረቀት ይይዛል። ሽጉጥ ግን በየእርምጃው እየተንኳኳ ያጋልጣት ነበር። ሦስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ መርገጫው አሉሚኒየም የሆነ የእንጨት እግር ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው የሚታሰረው ጭን ላይ በቆዳ ማሰሪያ ነው። የተቆረጠውን ጫፍ ከእንጨቱ የሚለየው የሱፍ ካልሲ ብቻ ነው። ዛሬ የምናለብሰው ሲሊኮን ያኔ የለም። ካልሲው በላብ ሲርስ ይሸበሸባል። ሽብሻቡ ቆዳውን ይፈትጋል። ሲፈተግ ይቆስላል። የቆሰለ ሰው ማረፍ አለበት፤ ተደብቆ የሚኖር ሰው ግን የሚያርፈው ሲመቸው አይደለም። ካልሲ ለማጠብ ደግሞ ሳሙና ያስፈልጋል፤ በራሽን ዘመን ፈረንሳይ ሳሙና ብርቅ ነበር። ለንደን ከላኩላት ደብዳቤዎች ባንዱ መልስ ላይ ሳሙና እንዲልኩላት መጠየቋን ሳነብ ሌላው አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል። እኔ ቁስሉ ነው የታየኝ።

እንግዲህ በዚህ እግር ነው ኖቬምበር ላይ፣ በበረዶ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው መተላለፊያ ፒሬኔን ያቋረጠችው። እስከ 80 ኪሎ ሜትር ተጉዛለች ይባላል። ዳገቱን እንኳ ተዉት፤ ወደ ስፔን የሚወስደው ቁልቁለት ነው የሚያስፈራኝ። ለእግሯ ስም አውጥታለት ነበር፣ ኩትበርት። በመንገዷ ላይ ለለንደን «ኩትበርት እንዳያስቸግረኝ ተስፋ አደርጋለሁ» ብላ ብታስተላልፍ፣ መልእክቱን የተቀበለው ሰው ስለ እግሩ አያውቅምና «ኩትበርት ካስቸገረ አስወግጂው» ብሎ መለሰላት። ይህቺን ልጁ አሳምሮ አወራት። እታለም እስክታነባ ሳቀች። ስፔን ስትገባ ግን ፖሊስ ያዛትና ፊገሬስ እስር ቤት ገባች፤ በኋላ የአሜሪካ ቆንስላ አስፈታት።

የሊዮን ጓደኞቿ ዕጣ የከፋ ነበር። ሮበርት አሌሽ የሚባል ቄስ ነበር። እሁድ እሁድ ጀርመንን እያወገዘ ይሰብካል፤ ስብከቱን ሰምተው የሚጠጉትን ወጣቶች ለጀርመን ይሸጣል። ይህ ሰው የፓሪስ መልእክተኛ ነኝ ብሎ ሩሴ ዘንድ መጣ። ቨርጂኒያ ጠርጥራው ነበር። ጥርጣሬዋ ግን ሰዎቿን አላተረፈም። ወደ ናዚ ማጎሪያ ካምፖች ተጋዙ፤ ዶክተሩ ቡኸንቫልድ፣ ጌረን ራቨንስብሩክ። ሁለቱም በሕይወት ተመለሱ። አሌሽ በ1949 በፈረንሳይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተረሸነ። በጉብኝቱ ውስጥ ለዚህ የተሰጠው ጊዜ አንድ መንገድ እስክንሻገር ነው። ባርቢን ለማሯሯጥ የፈጀውን ደቂቃ ለእነዚህ ቢያውለው ምን ነበረበት?

ከዚያ በኋላ ያለውን ልጁ ሮጥ ሮጥ አድርጎ ጨረሰው፤ ሊዮን ላይ ስላልሆነ አልፈርድበትም። በማርች 1944 ለአሜሪካኖቹ የስለላ ድርጅት ሆና በጀልባ ብሪታኒ ወደሚባለው የፈረንሳይ ጠረፍ ገባች። ፀጉሯን ነጭ አስመስላ፣ ቀሚስ በቀሚስ ደርባ፣ የገጠር አሮጊት ሆነች። እንደ ባለሙያ የማደንቀው ይህን ነው። ማንከስን ማጥፋት አይቻልም፤ ብዙ ደንበኞቼ ይሞክሩታል፣ ይብስባቸዋል። እሷ አላጠፋችውም፤ እግሯን እየጎተተች እንደ አሮጊት መሄድን ተማረች። ሰው የሚያየው ዕድሜ ነው እንጂ እግር አይደለም። ፍየል እየጠበቀች ሬዲዮ ታስተላልፍ ነበር። ኋላ ኦት ሎዋር በሚባል የፈረንሳይ አውራጃ ውስጥ ከአውሮፕላን መሣሪያ እያስጣለች ተዋጊዎች አስታጠቀች።

በሴፕቴምበር 1945 ዲስቲንጉሽድ ሰርቪስ ክሮስ የተባለውን ሜዳሊያ አገኘች። በዚያ ጦርነት ይህን ያገኘች ሲቪል ሴት እሷ ብቻ ናት። በአደባባይ አይሁንብኝ ብላ ቢሮ ውስጥ፣ እናቷ ባለችበት ተሰጣት። ከዚያ ሲአይኤ ገባች፤ ቢሮ አስቀመጧት፤ በ1966 ጡረታ ወጣች። በ1982 ሜሪላንድ፣ ሮክቪል ሞተች።

«ሮክቪል?» አለች እታለም ጮክ ብላ። «የኛ ሮክቪል?»

አዎ፣ የናንተው ሮክቪል አልኳት። ልጁ ምን እንደተፈጠረ አልገባውም። በሜሪላንድ ሐበሻ እዚያ ሰፈር እንጀራ እንደሚገዛ፣ ሰርግ እንደሚደግስ፣ ቤት እንደሚከራይ ማን ይንገረው። እታለም ከዚያ በኋላ ጉልበቷ ተሻላት። በቀረው መንገድ ከፊት ነበረች፤ ልጁን በጥያቄ አጣደፈችው። የተቀበረችው ፓይክስቪል፣ ባልቲሞር አጠገብ መሆኑን ስነግራት «ስመለስ አበባ ይዤ እሄዳለሁ» አለች። እህቴን አውቃታለሁ፤ ትሄዳለች።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር። ጉልበት የሚያማችሁ ወይም ሽማግሌ የያዛችሁ ከሆነ ቤልኩር ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ሰዓት ተካፍላችሁ ክሯ ሩስ ላይ ተሰናበቱ፤ ከታሪኩ ብዙ አይቀርባችሁም። ልጆች ይዞ መሄድ ይቻላል፣ የሰርዲኑን ቁልፍ ይወዱታል፤ የጌረንን ቤት ግን አስጎብኚው ሳያለሳልስ ነው የሚያወራው። ጾም ላይ ከሆናችሁ ምሳ ይዛችሁ ሂዱ። የሊዮን ባህላዊ ምግብ ቤቶች ጨጓራና የአሳማ ሥጋ ነው ሙያቸው፤ እኛ በስንት ፍለጋ ሰላጣ አገኘን፣ እሱም ላይ የአሳማ ሥጋ ተበትኖበት መጣ።

ጊዜ ካላችሁ ከጉብኝቱ በኋላ አቬኑ ቤርትሎ 14 ቁጥር ያለውን የተቃውሞና የግዞት ታሪክ ማዕከል እዩ። ሕንፃው የወታደር ሐኪሞች ትምህርት ቤት ነበር፤ በ1943 ጌስታፖ ገባበት፤ ሰው የተገረፈው እዚያ ነው። ማንም አያቻኩላችሁም፣ መቀመጫ አለ። እታለም የአንድ ሬዲዮ መስተዋት ላይ ተደግፋ ረጅም ጊዜ ቆየች። ሰኞ ዝግ ነው።